«የጾም ነው» መልስ አይሆንም

«ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው!!!» ይህን ጽሑፍ ያላነበበ የአዲስ አበባ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ። በመዝናኛ ፓርኩ በር፣ በልጆች መጫወቻው ግቢ፣ በመዋኛው፣ በትኬት መሸጫው መስኮት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ቀለም፣ አንዳንዴም እንዲህ በሦስት ቃለ አጋኖ ታጅቦ ይጠብቀናል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «ጽሑፉ ያለውን ብቻ ሳይሆን ያላለውንም አንብቡ» እያልኩ አሰለች ነበር። ይህም ጽሑፍ ያላለው ነገር አለ። የእናንተን ምግብ መብላት የማይችል ሰው ከበሩ ወዲያ ምን ይብላ? ልጅ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚውል ሰው ምሳውን አስቀርተን ካስገባነው በኋላ ምን ዕዳ አለብን? ጽሑፉ ጸጥ ነው።

እኔ ይህ ክልከላ የውል ግማሽ ነው ባይ ነኝ። ምሳዬን በር ላይ የሚያስቀርብኝ ሰው ሆዴን ተረክቧል። የተረከበ ደግሞ ይጠየቃል። የሚጠየቀውም ከባድ ነገር አይደለም፤ «ሳህኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብቻ ነው። የዛሬው ጠቤ ለዚህ ጥያቄ በከተማችን ከሚሰጠው አንድ የተለመደ መልስ ጋር ነው። መልሱ «የጾም ነው» የሚል ነው።

ነገሩን ከሰማይ አላወረድኩትም። ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ከመዝናኛ ፓርኮቻችን ወደ አንዱ ሄጄ ነበር፤ የፓርኩን ስም ተዉት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለውዝ አይስማማትም። «አይስማማትም» ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም። ከንፈሯ ያብጣል፣ ገላዋ በሙሉ ያሳክካታል፣ ጉሮሮዋ ይጠባል፣ ትንፋሿ ያጥራል። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት በሩጫ ተደርሶላታል። ስለዚህ እናቷ ከቤት ስትወጣ ምሳ ዕቃዋን ሳትቋጥርላት አትለቃትም። የዚያን ዕለትም የሽሮ ፍትፍት ነበር፣ በዘይት።

የጥበቃው ልጅ ቦርሳውን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ይሄ አይገባም።»

«የልጅቷ ምሳ ነው ወንድሜ። በሕመም ምክንያት የውጭ ምግብ አትበላም።»

«ይገባኛል ጋሼ፤ ግን መመሪያ ነው። ስትወጡ ትወስዱታላችሁ።»

ከልጁ ጋር ጠብ የለኝም። ትሑት ነው፤ ምሳ ዕቃውን እንኳ ፀሐይ እንዳይመታው ከወንበሩ ሥር አስቀመጠልን። ውስጥ ገባን። ልጅቷ ሸርተቴውን፣ የምትጋጨውን መኪና፣ የሚሽከረከረውን ሁሉ አዳረሰችና ራባት። ካፌው ሜኑ ላይ ፍልሰታን አክብሮ አንድ ገጽ ለጾም ሰጥቷል፤ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ ችፕስ፣ ጁስ፣ የለውዝ ሻይ። አስተናጋጇን ጠራሁ።

«የኔ ልጅ፣ ኬኩ ምን ምን አለበት?»

«የጾም ነው ጋሼ።»

«እሱስ ገብቶኛል። ውስጡ ምንድን ነው?»

«ምንም የለውም! ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው…»

«ለውዝስ?»

«የለውም መሰለኝ።»

እነሆ «መሰለኝ»! ለስንቱ ነገር የምትመች ቃል ናት። ለአየር ጠባይ፣ ለኳስ ውጤት፣ ለጎረቤት ሐሜት ትሆናለች። ለልጅ ጉሮሮ ግን አትሆንም። ተነስቼ ማብሰያ ክፍሉ ድረስ ሄድኩ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ ሽርጣቸውን አሸርጠው ቆመዋል። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሳቁብኝ። «ኧረ አለበት እንጂ ወንድሜ! ያለ ለውዝ የጾም ኬክ ምን ጣዕም አለው?» አሉ። ቀጠሉናም ሳልጠይቃቸው የለውዝ ሻዩ የሚፈጭበት መፍጫ ጁሱም የሚፈጭበት እንደሆነ፣ ችፕሱ የሚጠበሰው ሌላው ሁሉ በሚጠበስበት ዘይት እንደሆነ፣ ለበርገሩ ሶያ እንደሚገባበት፣ ዳቦው ላይ ሰሊጥ እንደሚነሰነስ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘሩልኝ። ከእኔ ጠረጴዛ እስከ እሳቸው ምድጃ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። ሁሉም ዕውቀት እዚያ ነበር። ያልነበረው ዕውቀቱን ሃያ እርምጃ የሚያሻግር ሰው ነው። ልጅቷ በሙዝና በታሸገ ውሃ ዋለች።

እኔ የምለው፣ «የጾም» የሚለውን ቃል ማን ነው የጤና ዋስትና ያደረገው? መቼም በዚህ ቃል የማንኮራበት ጊዜ የለም። ፈረንጅ «ቪጋን» የሚባል ነገር ዛሬ አገኘሁ ብሎ ሲደነቅ እኛ «ይሄማ ከአያት ከቅድመ አያታችን ጀምሮ ያለ ነው» እንላለን። እውነትም ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ያለው ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ ተደምሮ የዓመቱ ግማሽ ገደማ በጾም ያልፋል። በዚህ ሁሉ ዘመን የተካነ የማዕድ ጥበብ አለን፤ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ስልጆው፣ ሽሮው፣ አዚፋው። ከዚህ ጥበብ ጋር አልጣላም፤ ያደግኩበት ነው።

ጠቡ ቃሉ የማይሸከመውን ስናሸክመው ነው። በመጀመሪያ «የጾም» እና «ቪጋን» አንድ አይደሉም። ቪጋኑ ማር አይበላም፤ የእኛ ጾመኛ ማርን የሚሸሽበት ምክንያት የለውም። ዓሣስ? የዓሣን ነገር ሊቃውንቱ ቢከራከሩበትም የአዲስ አበባ ሜኑ ከተከራከሩት ቀድሞ ወስኗል፤ በብዙ ምግብ ቤት ዓሣ የሚገኘው በጾሙ ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ ከውጭ የመጣ ቪጋን እንግዳ «የጾም ነው» ተብሎ ዓሣ ቢቀርብለት ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁለት ቋንቋ ነው የተናገሩት።

ይኼ እንኳ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ «የጾም» ማለት «ከአለርጂ ነፃ» ማለት አለመሆኑ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምግብ ሻጭ ሁሉ ለደንበኛው እንዲያሳውቅ የሚያስገድድባቸው 14 የአለርጂ መነሾዎች አሉ፤ ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2014 ጀምሮ ደንቡ ከታሸገ ዕቃ አልፎ ምግብ ቤቱንም ይይዛል። ዝርዝሩን ላነበበው የእኛን የጾም ጓዳ የገለበጠ ነው የሚመስለው። ስንዴና ገብስ አሉበት። ለውዝ አለበት። ሶያ አለበት። ሰሊጥ አለበት፤ ያ በሁመራ የምንመካበት፣ ለዓለም የምንሸጠው ሰሊጥ። ሰናፍጭ አለበት፤ ያለ እሱ ስልጆ የለም። ግብጦም ሳይቀር አለበት! የጎጃሙ ግብጦ ከብራስልስ ደንብ ውስጥ ስሙ ተጽፎ ሳገኘው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ የተጻፈበት ምክንያት ግን የሚያስደስት አይደለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወተትና ቅቤ ሲወጣ በቦታው አንድ ነገር መግባት አለበት። ጣዕሙን፣ ቅባቱን፣ ውፍረቱን የሚተካ ነገር። የሚተካው ደግሞ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሶያ ነው። በፈረንጁም አገር ያው ነው፤ የቪጋኑ አይብ ካሹ፣ የቪጋኑ ወተት አልሞንድ ወይም ሶያ ነው። ለአንዱ መዳኛ የሆነው ለሌላው መጥፊያ ነው። ቪጋኑንና የአለርጂ ታማሚውን በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቃል ማስተናገድ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

ስለ እንጀራም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ዓለም ይህን ሰምቶ እያሞገሰን ነው። ግን የምንበላው እንጀራ ሁሉ ጤፍ ነው ወይ? የጤፍ ዋጋ ከወጣ ወዲህ ሩዙም፣ ማሽላውም፣ በቆሎውም፣ ገብሱም፣ አንዳንዴ የስንዴ ዱቄቱም ይገባበታል። አሜሪካ ባሉ የእኛ ምግብ ቤቶችም ስንዴ ወይም ገብስ መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ንጹሕ ጤፍ የፈለገ ብዙ ቦታ ቀድሞ ማዘዝ አለበት። የአሜሪካ መንግሥት «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ ለሚሸጥ ምግብ የፈቀደው ከሚሊዮን ውስጥ ከ20 በታች ነው። ሚሊዮን ውስጥ ሃያ! እኛ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ቀላቅለን «እንጀራ ነው፣ ምን አለበት» እንላለን።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ጾም በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ጾመኛ ሰው ሳያውቅ ቅቤ የነካው ጭልፋ የገባበት ሽሮ ቢበላ «ሳላውቅ ነው» ይላል፤ ፈጣሪም ልብን ያያልና ይቅር ይላል። የልጅቷ ሰውነት ግን «ሳላውቅ ነው» የሚል ቋንቋ አይሰማም። ልብ አያይም። ጭልፋውን፣ መፍጫውን፣ ዘይቱን ነው የሚያየው። ለነፍስ የተሰጠን ቃል ለጉሮሮ ዋስትና አድርጎ ማቅረብ ለሁለቱም አይበጅም።

ይህን ስል «እንደ ፈረንጅ እንሁን» የሚል ስብከት የጀመርኩ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጁ የደረሰበትንም አይተናል።

የመዝናኛ ፓርክ ነገር ሲነሳ የዓለሙ ዋና ከተማ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ናት። እዚያ የእኛም ሰው አለበት። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በፈረንጁ ኦገስት 7 ማለት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉበት ወቅት ነው። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃን አዋቂ የሚጾመው ጾም ነው። እናም ጾመኛ እናት ጾመኛ ልጆቿን ይዛ ዲዝኒ ፓርክ ውስጥ «ምን እንብላ?» ስትል አስቡት። ድሮ መልሱ ችፕስና ሰላጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲዝኒ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለባቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ምግቦች አዘጋጅቶ በፍሎሪዳ ፓርኮቹ ሜኑ ላይ በትንሽ አረንጓዴ ቅጠል ምልክት ማድረግ ጀመረ። ያቺ ቅጠል ከእኛ «የጾም» የምትሻልበት ነገር አለ፤ ትርጉሟ ተጽፏል። የአለርጂው ሜኑ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሁለቱን አላደባለቁም። ከዚያም በላይ፣ ዲዝኒ ፍሎሪዳ ለራስ የሚሆን ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ጎረቤቱ ዩኒቨርሳል ጠበቅ ያለ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሕክምና ወይም ለተለየ አመጋገብ የሚያዝን ምግብ ያስገባል። እኛ ዘንድ የጥበቃው ልጅ ወንበር ሥር የቀረችው ምሳ ዕቃ እዚያ ትገባ ነበር ማለት ነው።

ግን ስሙ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አንዲት የኒውዮርክ ሐኪም፣ ወተትና ለውዝ የማይስማማት፣ ከባሏ ጋር በዲዝኒ ስፕሪንግስ፣ ማለትም ከፓርኮቹ አጠገብ ባለው የዲዝኒ የገበያና የምግብ ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እራት በላች። በክሱ ላይ እንደተጻፈው አስተናጋጁን ደጋግመው ጠይቀው፣ ደጋግሞ አረጋግጦላቸው ነበር። በዚያው ምሽት ሞተች። ሐኪም ናት እንግዲህ፤ ያልተማረች፣ ያልጠየቀች፣ ያልተጠነቀቀች የምንላት ሴት አይደለችም። ባልየው በ2024 ምግብ ቤቱንና ዲዝኒን ከሰሰ። ዲዝኒ ምግብ ቤቱ የእኔ አይደለም፣ አከራይ ነኝ አለ። ይህን መከራከሪያ ማለቱ ሊገባኝ ይችላል። የማይገባኝ ቀጥሎ ያመጣው ነው። ባልየው በ2019 የዲዝኒን የፊልም አገልግሎት ለሙከራ ሲመዘገብ፣ በኋላም የፓርክ ትኬት ሲገዛ «እስማማለሁ» ያለው ውል ክርክርን በግልግል ዳኝነት ለመጨረስ ያስገድደዋልና ፍርድ ቤት ይዞን ሊቀርብ አይችልም! ፊልም ለማየት የተጫነ ቁልፍ ለሚስት ሞት ማፈኛ ሆኖ ቀረበ። ዓለም ጉድ አለ፤ ኩባንያውም በኦገስት 2024 መከራከሪያውን አነሳ።

ሌላም አለ። አሜሪካኖች ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ መነሾ አድርገው በታሸገ ምግብ ላይ እንዲጻፍ አወጁ፤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ጸና። አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መሣሪያቸውን ከሰሊጥ ብናኝ ማጽዳቱ ስለከበዳቸው ሰሊጥ ባልነበረበት ዳቦ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨመሩና «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉ። ሕጉን አከበሩ! ሕጉ የተጻፈለት ልጅ ትናንት የሚበላውን ዳቦ ዛሬ አጣ። የእኛ ብልጣብልጥ ብቻ የሚመስለን ካለን ይህን ያንብብ።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አረንጓዴ ቅጠልም፣ ወፍራም ሕግም አይደለም። በግቢው ውስጥ የሚያውቅና የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው።

ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ይኼ የቅንጦት በሽታ ነው፤ ሰው የሚበላው ባጣበት አገር የማይበላውን ትቆጥራለህ?» የሚል ነው። «ድሮ አለርጂ የሚባል ነገር ነበር እንዴ?» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። እኔም እጠይቃለሁ፤ ድሮ ስንቱ ልጅ በልቶ ሲያበቃ ድንገት ትንፋሽ አጥሮት «ዓይን በላው»፣ «ቡዳ ነው» ተብሎ እንደተቀበረ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ስም ያልነበረው ነገር ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም። ስለ ረሃቡም ቢሆን፣ የምንነጋገረው ትኬት ተቆርጦ ስለሚገባበት ግቢ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ኬክ የሚሸጥ ሰው በተራበ ወገን ስም ሊከራከር አይችልም። ደሃዋ እናት ደግሞ የበለጠ ምሳ ዕቃ ያስፈልጋታል፤ ልጇ ቢታመም በሩጫ የምታደርስበት መኪና የላትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባለቤቶቹ ነው፤ ይኼኛውን አከብረዋለሁ። «መግቢያው ርካሽ ነው፣ የምንኖረው ከካፌው ነው። ሁሉም ምሳውን ቋጥሮ ከመጣ እንዘጋለን። ቆሻሻውስ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። አዲስ አበባ በ2012 አንድነት ፓርክን፣ በ2013 እንጦጦ ፓርክን ከከፈተች ወዲህ ልጅ ይዞ የሚወጣው ሰው በዝቷል፤ በግል የተከፈተውም ግቢ ብዙ ነው። ሁሉም በልቶ ማደር አለበት። ግን ሁሉም ምሳውን ያስገባ ያለ የለም። የሚታመመው ልጅ ያስገባ ነው የምለው። ከመቶ ቤተሰብ ስንቱ ይሆናል? ደግሞስ የዚያች ልጅ አጎት፣ እናት፣ እህት፣ ወንድም እዚያው ቁጭ ብለው ማኪያቶና በርገር ያዛሉ። ምሳ ዕቃዋን ካላስገባችሁ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ተመልሶ አይመጣም። እኛ አልተመለስንም።

የደረሰኝን ሁሉ ስናገር የምሰማው ሌላ ነገር አለ፤ «ታዲያ ለምን ልጅቷን ቤት አታስቀሯትም?» ይህን የሚለው ሰው ሌላ ቀን ያቺኑ ልጅ ሲያገኛት ፍቅሩን በጉርሻ ካልገለጽኩ ብሎ አፏን የሚያስከፍት ነው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ የእሷን ጭንቀት ግን ተረቱ አላሰበውም። «ምን አለበት?» ብላ ስትጠይቅ «አይ ያሁኑ ልጆች!» ይባልላታል። ልብ በሉ፣ እኛ ዘንድ ምግብ ውስጥ ያለውን መጠየቅ ባለቤቷን መጠርጠር ነው፤ ስድብ ነው። ቤት ውስጥ ይህን ይሉኝታ እንቻለው። በገንዘብ በሚሸጥበት ቦታ ግን ይሉኝታ ምን አገባው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «የለውም መሰለኝ» በቂም ትክክለኛም አይደለም።

እንግዲህ ለፓርክ ባለቤቶች፦ ሐኪም ቤት የጻፈለት፣ ወይም ወላጁ አስረግጦ የሚናገርለት ልጅ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይግባ፤ ለጥበቃው ልጅ በመመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨምሩለት፣ እሱም ከጭንቅ ይድናል። አስተናጋጆቻችሁ «መሰለኝ» ከማለት «ቆይ ልጠይቅ» ማለትን ይልመዱ። የለውዙን መፍጫ ከጁሱ ለዩ። እነዚያን ባለ ሽርጥ ሴትዮ ደግሞ ከማብሰያው ክፍል አውጡና አንድ ካርቶንና ማርከር ስጧቸው፤ በየምግቡ ውስጥ ያስገቡትን እንዳለ ይጻፉት፣ ካፌው መግቢያ ላይ ይሰቀል። የፊደል ግድፈት ቢኖርበት አላርመውም።